የነርቭ መርፌ ለታዘዘላቸው እናትሽ፦ እኔ 3 ጊዜ ተወግቻለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አንብቤው አደርኩ። እናትሽ 67 ዓመታቸው ነው፤ አልማዝ ባለጭራ ከወጣባቸው 8 ወር ሆኗል፤ ቁስሉ ደርቆ ሕመሙ ግን ከቀኝ ጡታቸው ሥር እስከ ጀርባቸው አልለቀቃቸውም። ሐኪሙ ነርቩ ላይ መርፌ እንስጣቸው ሲል ጎረቤት ደግሞ ሽባ ያደርጋል ብሎ አስፈራችሁ። ስኳር አለባቸው፣ አስፕሪንም ይወስዳሉ። የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ ነው ያልሽው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ የምነግርሽ በራሴ ጎን ያየሁትንና ሐኪሞቼን እየጠየቅኩ የተረዳሁትን ነው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። «መርፌ ሽባ አደረገው» የሚባለው ወሬ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቂጥ ላይ የሚሰጥ መርፌ ቦታውን ስቶ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ካገኘው፣ ሰው እግሩ ዝሎ ጣቶቹን ማንሳት ያቅተዋል። ይህ የሚደርሰው ግን ነርቩን ሳያዩ ሥጋ ውስጥ ሲወጉ ነው። ለእናትሽ የታሰበው በጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ነርቭ ከሆነ፣ እሱ እግርም እጅም አያንቀሳቅስም። እዚያ ቦታ ላይ የሚፈራው ሳንባ ነው፤ መርፌው ጠልቆ የሳንባን ሽፋን ከበሳ አየር ይገባል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ ወደ አከርካሪው ተጠግቼ ነው የምወጋው ካለ ደግሞ የሚፈራው ነገር ይለያል። ስለዚህ «የትኛውን ነርቭ? በየት በኩል? በምን እያዩ?» ብለሽ ጠይቂው። በትህትና ከተጠየቀ የማይመልስ ሐኪም አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር አጣሪ። እዚህ አዲስ አበባ «የነርቭ መርፌ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ቀዩን የቢ ቫይታሚን መርፌ ነው። እኔም ቤቴ አጠገብ ያለ አንድ ክሊኒክ «የነርቭ ነው» ብሎ 6 ቀን ሙሉ ቀዩን ወጋኝ፤ ሕመሜ ንቅንቅ አላለም። ገንዘቡ ሳይሆን ያ ሳምንት ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፤ «የነርቭ መርፌም አልሠራልኝም» ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበርና። አሁን የምናወራው ሐኪሞች ነርቭ ብሎክ የሚሉትን ነው፤ ማደንዘዣ፣ አንዳንዴም ስቴሮይድ ከሚባል የነርቩን መቆጣት ከሚያበርድ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ፣ ነርቩ አጠገብ የሚፈስበትን። ሁለቱ በስም እንጂ በሥራ አይገናኙም።

የእኔ በ2014 ጥቅምት ላይ ነው የጀመረው፣ በ54 ዓመቴ፣ በግራ ጎኔ። መጀመሪያ ምች ነው ተብዬ ዳማከሴ ታሸሁ። ሽፍታው እንደ መቀነት ግማሽ ጎኔን ዞሮ ሲታይ ነው አልማዝ ባለጭራ መሆኑ የታወቀው። የቫይረሱ መድኃኒት አሲክሎቪር ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የሚበጀው፤ እኔ ሳምንት ዘግይቼ ነበር። (ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ግማሽ ጎን ላይ ብቻ የሚያቃጥል ሽፍታ ካያችሁ እባካችሁ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።) ሐኪሜ እንዳስረዳኝ፣ በልጅነት ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ አከርካሪ አጠገብ የነርቩ ሥር ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ይተኛል፤ ሲነሳ ነርቩን እየበላ ወደ ቆዳ ይወጣል። ቁስሉ ሲድን የተጎዳው ነርቭ ይቀራል። ከ3 ወር በላይ የሚቆየው ሕመም ያ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ እየበዛ ይመጣል።

ያልታመመ ሰው የማይገባው ነገር ልብስ ነው። ልደታ ማርያም ቆሜ ሳስቀድስ የነጠላዬን ጫፍ በሁለት ጣቴ ከጎኔ አርቄ ይዤ ነበር የምጨርሰው። ከልደታ እስከ ሜክሲኮ ባቡር ስሳፈር ቦርሳዬን በግራ ጎኔ አስደግፌ ሰው እንዳይነካኝ እጠብቃለሁ። ሰው ሲነካኝ እሳት ነው፤ ጫን ብዬ ስይዘው ግን ይሻለኛል። እናትሽም «ልብሱ አቃጠለኝ» ካሉ ማጋነን አይደለም፣ እመኛቸው።

ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት እንክብሎች፣ ፕሪጋባሊንና ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን፣ ታዘዙልኝ፤ ትንሽ ቀነሰ፣ ግን መጠኑ ሲጨመር መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ፋይል እያገላበጥኩ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። ያኔ ነው ወደ ሰመመን ሐኪም የተላክሁት። ያ ሐኪም ተስፋዬን ሳያበዛ ነው ያናገረኝ፦ ሕመሙ ወራት ካስቆጠረ በኋላ መርፌው አንዱን ያሳርፋል፣ አንዱን ጥቂት ቀን ብቻ ያግዛል፣ አንዱን ምንም አይለውም፤ የትኛው እንደሚሆን የሚታወቀው ሲሞከር ነው አለኝ። ያመንኩት በዚህ ነው።

በሆዴ አስተኙኝ፣ ደረቴ ሥር ትራስ ገባ። ጀርባዬን በቀዝቃዛ መድኃኒት ሦስቴ ጠረጉት። ሐኪሙ ጄል ቀብቶ አልትራሳውንዱን ሲያስቀምጥ ማሳያውን ወደኔ አዞረልኝ። የጎድን አጥንቶቼ ጥቁር ጥላ ሆነው ይታያሉ፤ በመካከላቸው፣ ከሥር፣ አንድ ነጭ መስመር ስተነፍስ ወዲህ ወዲያ ይንሸራተታል። «ያ የሳንባሽ ሽፋን ነው፤ መርፌዬ እሱ ጋ አይደርስም፣ ከሱ በላይ ነው የማቆመው» አለኝ። ነርቩ በአጥንቱ የታችኛው ጠርዝ ሥር ተጠግቶ ነው የሚሄደው። ቆዳዬን አስቀድሞ አደነዘዘው፤ እሱ እንደ ንብ ንድፊያ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰማኝ ግፊት ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ወጋኝ። «ጆሮሽ ከጮኸ፣ ምላስሽ ከደነዘዘ፣ አፍሽ ብረት ብረት ካለሽ ቶሎ ንገሪኝ» ብሎ በየመሃሉ ያናግረኝ ነበር፤ ማደንዘዣው ወደ ደም በብዛት ከገባ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ይህ ነውና። ከተኛሁ እስከ ተነሳሁ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ የደም ግፊቴን እየለኩ ግማሽ ሰዓት አቆዩኝ።

ስነሳ ጎኔ ጥርስ የተነቀለ ድድ መስሏል። ሸሚዜን ለበስኩ፣ ምንም የለም። ነጠላዬን ጣል አደረግሁበት፣ ምንም የለም። በታክሲ ስመለስ አለቀስኩ።

እኩለ ሌሊት ላይ ግን ሕመሙ እንዳለ ተመለሰ፤ እንዲያውም የባሰብኝ መሰለኝ። ያን ሌሊት አልረሳውም። «አልሠራም፣ አበቃ» ብዬ ግድግዳ ተደግፌ አነጋሁ። ያልተነገረኝ ነገር ይህ ነበር፤ አንቺ ለእናትሽ ቀድመሽ እንድትነግሪያቸው ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። በመርፌው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። ማደንዘዣው በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምርና በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ሊዶኬይን ቶሎ ይለቃል፣ ቡፒቫኬይን ግማሽ ቀን ሊጠጋ ይችላል። ስቴሮይዱ ግን ሥራውን ለመጀመር ቀናት ይፈልጋል። በመካከል ባዶ ሌሊት አለ። በማግሥቱ ደውዬ ስነግረው ሐኪሙ አረጋጋኝ፤ «የጠፋው እነዚያን ሰዓታት ከሆነ ነርቩን አግኝተነዋል ማለት ነው፤ አሁን ጠብቂ» አለኝ። በ4ኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

ሥራዬ መዝገብ ስለሆነ ደብተር ያዝኩ። ከ10 ስንት እንዳመመኝ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ ምን እንደለበስኩ፣ ባቡር ተሳፍሬ እንደሆነ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መርፌ 7 ሳምንት አሳረፈኝ፤ 8 የነበረው 3 ሆነ። ሁለተኛው ወደ 3 ወር ሄደ፤ በዚያ ጊዜ ፕሪጋባሊኑ በግማሽ ተቀነሰልኝ፣ ቀስ በቀስ፣ በሐኪሙ ትእዛዝ። ያን መድኃኒት በድንገት ማቆም አይገባም። ሦስተኛው ግን ከደብተሩ ሳየው ብዙም የጨመረው ነገር አልነበረም። ስቴሮይድ ያለበት መርፌ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ አይሰጥምና እዚያ ላይ ተስማምተን አቆምን። ዛሬ ሕመሙ አለ፣ 2 ወይም 3 ነው። ነጠላዬን ግን እንደ ሰው እለብሳለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ። ስኳሩን ከመርፌው በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፣ ከመዝገቡ ያየዋል ብላችሁ አትተዉት። ስቴሮይዱ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ እስከ ሳምንት ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ቤት መለኪያ ካላችሁ በእነዚያ ቀናት ቶሎ ቶሎ ለኩላቸው፤ ስንት ሲደርስ መደወል እንዳለባችሁም ቁጥሩን አጽፉ። ስኳራቸው አሁን ከቁጥጥር ውጭ ከሆነ ስቴሮይዱን ትተው በማደንዘዣው ብቻ መሞከር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አስፕሪኑን ደግሞ በራሳችሁ እንዳታስቆሟቸው። ለልብ ወይም ለስትሮክ የታዘዘ ከሆነ ማቆሙ ከመርፌው የባሰ አደጋ አለው፤ ይቁም አይቁም የሚሉት ያዘዘው ሐኪምና የሚወጋው ሐኪም ተነጋግረው ነው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ካለም እንዲሁ።

ዋጋ ስትጠይቂ አልትራሳውንዱና መድኃኒቱ ተጨምሮ ነው ወይ በያቸው፤ እኔ መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ ተብዬ በዚያ ሕመም ቸርችልን ወጥቼ ወርጃለሁ። ቤት ከገቡ በኋላ ጎናቸው ደንዝዞ እያለ የሞቀ ውሃ ላስቲክ አታድርጊላቸው፣ ሳይሰማቸው ይቃጠላሉ። ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ሲተነፍሱ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ ትኩሳት ወይም የተወጉበት ቦታ መቅላት ካመጣ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው። በመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ አጠገባቸው እደሪ፤ ሕመሙ ሲመለስ ብቻቸውን እንዳይሆኑ።

ለቀጠሮው ከፊት ለፊት ቁልፍ ያለው ሰፊ ቀሚስ አልብሻቸው፣ በራስ የሚጠለቅ አይሁን። ማውለቁ እኔን ከመርፌው በላይ አሞኛል።