ሦስት ደርቤ ተኝቼም በረደኝ፤ ለምን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ33 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። አምና ኅዳር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮች ሄደን ጨነቅ ካምፕ ድንኳን ውስጥ አደርን። ስስ ስፖንጅ አንጥፌ፣ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ውስጥ ገብቼ፣ ከላይ ጋቢና ከባድ ብርድ ልብስ ደረብኩ። ጭንቅላቴንም ከተትኩ። ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እየተንቀጠቀጥኩ ነቃሁ፤ ውስጡም ረጥቦ ነበር። ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ራስ ደጀን ለመውጣት አስበናል። እሱ የስኳር ሕመም አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ስሊፒንግ ባጌ 5 ዲግሪ ይላል። ውጭ አገር ያለች እህታችን ደግሞ ተጓዦች ኩዊልት የሚሉትን ዚፕ የሌለው ቀላል ብርድ ልብስ ልካልኛለች፤ 10 ዲግሪ ይላል። ሁለቱን ብደርብ ይበቃኛል? ጓደኞቻችን ትንሽ ከሰል ድንኳን ውስጥ አስገቡ፣ አረቄም ያዙ ይሉናል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ከላይ የደረቡትን አንድ በአንድ ጽፈውልኛል። ከታች የተኙበት ግን «ስስ ስፖንጅ» ብቻ ነው። ያንቀጠቀጠዎ እሱ ይመስለኛል።

ብርድ ልብስ ራሱ ሙቀት የለውም። ሙቀቱ የሚወጣው ከእርስዎ ነው፤ ብርድ ልብሱ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። የሚይዘውም በዋናነት በመሃሉ ባለው አየር ነው። ጋቢን ያስቡት። አራት ድርብ ነው፤ በየድርቡ መሃል አየር አለ። ለዚያ ነው እንደዚያ የሚሞቀው። አሁን ስሊፒንግ ባጉ ላይ ሲተኙ የሚሆነውን ይመልከቱ። ከጀርባዎ ሥር ያለው ሙሌት በክብደትዎ ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል። መሬቱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትዎን ይስባል። ከላይ አምስት ቢደርቡ ይህን አያስቆመውም። ስፖንጅ ከዚያም ይብሳል፤ ሲተኙበት ልሙጥ ይላል፣ እርጥበትም ይጠጣል።

ስለዚህ መደረብ የሚጀመረው ከታች ነው። ውኃ የማይገባው ጠንካራ ፎም ምንጣፍ ከሥር፣ በአየር የሚነፋውን ከላይ ያድርጉ። የተጓዥ ምንጣፎች አር ቫልዩ የሚባል ቁጥር አላቸው፤ ሙቀት ወደ መሬት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከለክሉ ያሳያል። ቁጥሩ ይደመራል፤ 2 እና 3 ሲደራረቡ 5 ይሆናሉ። ለዚያ ከፍታ ከ4 በታች ይዘው ባይሄዱ ደስ ይለኛል። እኔም በአንድ ወቅት እዚያው ጨነቅ ላይ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስገላበጥ ቆይቼ፣ ጋቢዬን ከላዬ አንስቼ አጣጥፌ ከወገቤና ከትከሻዬ ሥር አስገባሁት። እንቅልፍ የወሰደኝ ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቁጥሮች እንምጣ። በስሊፒንግ ባጉና በኩዊልቱ ላይ የተጻፈው ዲግሪ እስከ ምን ያህል ብርድ እንደሚያገለግሉ ይናገራል። ተጓዦች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ስሌት አለ። ከ21 ላይ የኩዊልቱን 10 ይቀንሱ፤ 11 ይቀራል። ግማሹ 5 ተኩል ነው። ያንን ከስሊፒንግ ባጉ 5 ላይ ሲቀንሱ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ተደርበው የሚችሉት ብርድ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ጨነቅ ከ3,600 ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ፣ አዲስ አበባ ላይ 7 ወይም 8 ዲግሪ የሆነ ሌሊት እዚያ ዜሮ አካባቢ ይደርሳል። ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ውርጭ አለ። እንግዲህ ልክ ዳር ላይ ነዎት። መለያው ላይ ያለው 5 «ኮምፈርት» (ተመችቶ የሚተኛበት) የሚለው ቁጥር መሆኑንም ያረጋግጡ። «ሊሚት» የሚለው ከሆነ ኩርምት ብሎ የተኛ ወንድ የሚችለው ዳርቻ ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም። እንዲያ ከሆነ የተሻለ ስሊፒንግ ባግ ይከራዩ።

አደራረቡም ዘዴ አለው። ሰፊው ከውጭ ይሁን። ውጪኛው ከጠበበ የውስጡን ሙሌት ይጨፈልቀዋል፣ ያ ሁሉ ኪሎ ተሸክመው ምንም አያተርፉም። አምና የደረቡት ከባድ ብርድ ልብስም ይህንኑ ሳያደርግ አልቀረም። መሞከሪያው ቀላል ነው። ተኝተው እጅዎን በሁለቱ መሃል ያስገቡ። የውስጡ ፑፍ ብሎ እጅዎን ከገፋ ልክ ነው። ከተጣበቀ ጠቧል።

ሙሌታቸው የተለያየ ከሆነ ላባው ወደ ሰውነትዎ፣ ሲንተቲኩ (ሰው ሠራሽ ሙሌቱ) ወደ ውጭ ይሁን። ሰውነታችን ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ ውጪኛው ቀዝቃዛ ድርብ ጋ ሲደርስ ውኃ ይሆናል። ላባ ሲረጥብ ይጠቀለላል፣ አየር መያዝ ያቆማል። ሲንተቲክ ግን እርጥበትን ይችላል።

እርስዎ ውስጡ ረጥቦ ያገኙት በአብዛኛው ከትንፋሽዎ ነው። ጭንቅላት ከቶ መተኛት ለጊዜው ይሞቃል፣ ወደ ንጋት ግን ያስከፍላል። የሱፍ ኮፍያ ያድርጉ፣ አንገትዎን ይጠቅልሉ፣ አፍና አፍንጫዎን ግን ውጭ ይተዉ። ቀን የለበሱትን ልብስ ለብሰው አይግቡ፤ ላብ አለበት። በተለይ ካልሲውን ይቀይሩ። ሁለት ካልሲ እግርዎን የሚያጠብቅ ከሆነ አንዱን ያውልቁ፤ ደም የማይደርስበት እግር አይሞቅም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሁሉንም ገልብጠው ድንኳኑ ላይ ያስጡ።

10 ሰዓት ላይ መንቃትዎም ምክንያት አለው። ስንተኛ የሰውነታችን ሙቀት ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው ከመንቃታችን በፊት ባሉት ሰዓታት ነው። ውጭውም ያኔ ነው የሚከፋው። ስለዚህ ሆድዎ ባዶ ሆኖ አይተኙ። ጭኮ ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል፤ ገብስና ቅቤ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ከመተኛትዎ በፊት ሽንትዎን ይሽኑ። ሌሊት ከመጣም በብርዱ ምክንያት ይዘው አይገላበጡ፣ ተነሥተው ይውጡ።

ስለ ከሰሉ ግን እለምንዎታለሁ፤ ፈጽሞ እንዳታስገቡ። ጭስ የሌለው፣ አመድ የለበሰ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። እዚያ ከፍታ ላይ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። የሚያስፈራኝ ደግሞ ምልክቱ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። የከፍታ ሕመምም እንዲሁ ነው የሚጀምረው። «ተራራው ነው» ብሎ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። ዚፑን ትንሽ ከፍተነዋል ማለት አያድንም። የጋዝ ምድጃም እንደዚያው ነው፤ ከድንኳን ውጭ ብቻ።

አረቄም ይቅር። ሙቀት የሚመስለው ደም ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ ነው፤ ሙቀቱ በዚያው ይወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ለወንድምዎ አደገኛ ነው።

ወንድምዎን በተመለከተ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ቀኑን ሙሉ ተራራ የወጣ ጡንቻ ሌሊትም ስኳር መሳቡን አያቆምም፤ የማታው መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ኢንሱሊኑ በረዶ መሆን የለበትም። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ስለዚህ ሌሊት በደረቅ ካልሲ ጠቅልሎ ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ይያዘው። የስኳር መለኪያው መሣሪያም በብርድ ስለሚያስቸግር አብሮ ይግባ። ስኳርና ብስኩት ከራስጌው አይጥፋ። የፍል ውኃ ጠርሙስ ታቅፎ መተኛት ጥሩ ነው፣ ግን እግሩ ላይ አያድርገው። ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። ጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ አጠገብ ያድርገው። እርስዎም ቢሆኑ ሳይጠቀልሉ አይያዙት።

ድንኳን ተጋርታችሁ ተኙ። ሌሊት አንዳችሁ ብትነቁ ሌላውን አናግሩ። መንቀጥቀጥ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰውነት እየታገለ ነው። ምላሱ የተሳሰረ፣ የሚናገረው የማይገናኝ፣ ወይም ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ያቆመ ሰው ግን የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች መውረድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ወንድምዎ ላይ ካዩት ስኳሩ ወርዶም ሊሆን ይችላል፤ ይለኩት። መለኪያው እምቢ ካለ ንጋትን አይጠብቁ። መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገር ወዲያው ይስጡት። እርጥብ ልብሱን ያውልቁለት፣ ከታች ያንጥፉለት፣ አብረውት ይግቡ። አስጎብኚውንና ስካውቱን (አብሯችሁ የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ) ቀስቅሱ። ካልተሻለው ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ጉዞው ያኔ ይቆማል።

ከመሄዳችሁ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሁሉንም ግቢያችሁ ውስጥ ዘርግታችሁ አንድ ሌሊት እደሩበት። ጠዋት እጅዎን ከምንጣፉ ሥር ያስገቡ። የሞቀ ነገር ከተሰማዎ ሙቀቱ ወደ መሬት እያለፈ ነውና አንድ ምንጣፍ ይጨምሩ።