መልስ፦ ደሴ ሆኜ ዩኤስዲቲ ብቀበል ያስጠይቀኛል?

ወንድሜ፣ የውጭ ደንበኛህ ለሠራህለት ዲዛይን በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲስተካከል በተሠራ ዲጂታል ገንዘብ) ልክፈልህ ካለህ ብትቀበል ያስጠይቀኝ ይሆን ብለሃል። አዎ፣ ሊያስጠይቅህ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. መገበያያችን ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ዩኤስዲቲ ባለ ዲጂታል ገንዘብ፣ መክፈል ሕገወጥ እንደሆነ አሳውቋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) በማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ክሪፕቶ በማመንጨት፣ እና በክሪፕቶ ዝውውር የተሰማሩ መጥተው እንዲመዘገቡ ጠራ። አንዱ አትንኩ ሲል ሌላው ተመዝገቡ ይላል። የክሪፕቶ ደጋፊዎች የሚቆጡት እዚህ ላይ ነው፤ እውነት አላቸው።

የባንኩም ስጋት ግን ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ዶላሩ በባንክ ካልገባ ነዳጅና መድኃኒት በምን ይገዛል?

እኔ የምፈራልህ ወደ ብር ስትለውጠው ነው። ኮምቦልቻ ያለው የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ላገኘው ሰው 200 ዩኤስዲቲ ሸጠ። ብሩ ወዲያው ገባለት፤ በሦስተኛው ቀን ሒሳቡ ታገደ። ለካ ገንዘቡ ከሌላ ሰው ሒሳብ የተሰረቀ ነው። የቻቱን ስክሪንሾት አሳትሞ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስንቴ ተመላለሰበት! መርማሪው "ማን ነው የላከልህ?" ሲለው ከአንድ የቅጽል ስም በቀር የሚናገረው አልነበረውም። እናቱ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም።

ስለዚህ የሥራ ውልህን ይዘህ ፒያሳ ካሉት ባንኮች ወደ አንዱ ግባና ስለ ውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጠይቅ፤ ደንበኛህ በስዊፍት፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በሚያልፈው ዓለም አቀፍ መንገድ፣ ይላክልህ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከጥቁር ገበያው ጋር ያለው ልዩነት እንደ ድሮው አይደለም።