ለወንዶች ልብስ የት እንግዛ? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ለዚህ አምድ የሚደርሱት ጥያቄዎች ወደ ወንዶች ልብስ ያዘነብላሉ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው «የትኛው ሱቅ ይሻላል?» ብለው ቢጀምሩም እኔ መልሴን ከልብሱ መጀመርን እመርጣለሁ፤ ለሙሉ ልብስ የሚስማማው የመግዣ ቦታ ለሸሚዝ ወይም ለባህል ልብስ ላይስማማ ይችላልና።

ጥያቄ፦ በጥር ወር እሞሸራለሁ። ጓደኞቼ ገሚሶቹ ከመርካቶ ግዛ፣ ገሚሶቹ ቦሌ ካሉት ቡቲኮች ውሰድ ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ እንዳሰፋ ይመክሩኛል። የማንን ልስማ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጊዜ ካለዎት የአባትዎን ምክር ይስሙ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ልኬት ወስዶ፣ ጨርቁን ቆርጦና ለጊዜው አያይዞ፣ ልብሱ ሳይጠናቀቅ ቢያንስ አንድ ጊዜ አልብሶ ያይዎታል፤ የልፋቱ ፍሬ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ነገር ግን ጥር ለልብስ ሰፊዎች ቀጠሮ የሚደራረብበት ወር ስለሆነ፣ ሠርጉ ከመድረሱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብለው ካልሄዱ የተዘጋጀ ልብስ መግዛቱ ይሻላል። ጨርቁን ራስዎ የሚገዙ ከሆነ ለኮትና ለሱሪ፣ ወርዱ 1.50 ሜትር ከሆነ ጨርቅ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይበቃል። ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ካለዎት አንዲት ክር እንዲመዝልዎ ይጠይቁና በክብሪት ያቃጥሏት። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ፖሊስተር ነውር ባይኖርበትም በሱፍ ዋጋ መከፈል የለበትም፤ ቀኑን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ለሚቆም ሙሽራም ሙቀቱ ይከብዳል።

የተዘጋጀ ልብስ ከመረጡ፣ መርካቶና ቦሌ የሚለያዩት ብዙዎች እንደሚያስቡት በጨርቁ ጥራት ብቻ አይደለም። ከቱርክና ከቻይና የሚመጣው ልብስ ሁለቱም ዘንድ ይገኛል፤ ቦሌ ላይ የሱቁን ኪራይ፣ መስታወቱንና ተረጋግቶ የመለካት ዕድሉን ጭምር ይከፍላሉ። ለሙሉ ልብስ ይህ ዕድል ገንዘብ ያወጣል እላለሁ፤ ምክንያቱም የኮት ትከሻ ካልገጠመ በኋላ ማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌና ሱሪ ያጥራሉ፣ ትከሻ ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና የመስፋት ያህል ሥራ አለው። ኮቱን ለብሰው በጎንዎ ግድግዳ ይጠጉ፤ ከክንድዎ ቀድሞ ግድግዳውን የሚነካው የኮቱ ትከሻ ከሆነ ሰፍቶብዎታል። መርካቶ የሚሄዱ ከሆነ ቅዳሜን ይተዉና በሥራ ቀን ጠዋት ይሂዱ፤ ሻጩ በእርጋታ የሚያስለካዎት ያኔ ነው። እንደ አምባሳደር ያሉ የአገር ውስጥ ልብስ ስፌቶችንም ሳያዩ አይወስኑ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መምህር ነው፤ የሥራ ሸሚዞቹን ሁሉ ከሳልባጅ ይገዛል። እኔ አዲስ እንዲገዛ እፈልጋለሁ። ማን ነው ትክክል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በሸሚዝ ነገር ከባለቤትዎ ጋር እስማማለሁ። ከቦንዳ የሚወጣ የጥጥ ሸሚዝ ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጠው አዲስ ሸሚዝ ይልቅ ጨርቁ ወፍራም፣ ስፌቱም ጥብቅ ሆኖ ይገኛል። የኮሌታውን እጥፋት፣ የእጅጌውን ጫፍና ብብቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ግን ግድ ነው፤ እነዚህ ከሳሱ ሸሚዙ ዕድሜ የለውም። የውስጥ ልብስና ካልሲ ግን ምንጊዜም አዲስ ይሁን። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ መሆኑንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ደረሰኝም ሆነ የሚመለሱበት ሱቅ ስለማይኖር ፍተሻው እዚያው፣ ገንዘቡ ከእጅዎ ሳይወጣ ማለቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ሠርግ እጀ ጠባብና ኩታ እፈልጋለሁ። እዚህ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ልግዛ ወይስ ከሽሮ ሜዳ ይላክልኝ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ የሚያምኑት ዘመድ ካለዎት ከሽሮ ሜዳ ያስልኩ። በዚያ አካባቢ ከጋሞ አገር የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ስለሚሠሩ፣ ጥለቱን መርጦ ማዘዝና በልክ ማሰፋት ይቻላል። ዛሬ ግን እዚያው ገበያ በእጅ ከተሠራው ሸማ ጎን የፋብሪካ ጨርቅ ላይ ጥለት የታተመበትም ተሰቅሎ ይሸጣል። ዘመድዎ ጨርቁን ገልብጦ ይይልዎ፦ በሸማኔ እጅ የገባ ጥለት ከድሩ ጋር ተጠላልፎ በጀርባውም ክሩ ይታያል፣ የታተመው ግን ከኋላ ደብዝዞ ወይም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ልዩነት አጥብቄ የማነሣው የሸማኔው እንጀራ ስለሆነ ነው፤ ቀናት የፈጀ ሥራ በማሽን ከታተመ ጨርቅ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። ደረትዎን፣ ትከሻዎንና የእጅጌዎን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይላኩ፤ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብም ትንሽ ሰፋ ብሎ ይሰፋልዎ። ሠርጉ ከወር በታች ከቀረው ግን እዚያው ካሉበት ከተማ ሱቅ በአካል ለክተው ይግዙ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ሱሪ በሁለተኛው ቀን ስፌቱ ተተረተረ። ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ አሳየኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያ ጽሑፍ ጉድለት ባለበት ዕቃ ላይ መብትዎን አያስቀርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝዎን ይዘው በጨዋነት ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉዎት ለአካባቢዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ቀለሙን ስላልወደዱት ለመመለስ ግን ይህ ድንጋጌ አይጠቅምዎትም። ስለዚህ ከሁለት ሱቆች አንዱን ለመምረጥ ሲያመነቱ፣ ሳይጠየቅ ደረሰኝ የሚቆርጠውን ይምረጡ፤ ያለ ደረሰኝ የሚገኘው ቅናሽ እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ባዶ እጅ ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.94 ሜትር ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚሆነኝ ሱሪ አላገኝም። በቴሌግራም ባዝዝስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ «ኤክስ ኤል» የሚለው ምልክት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ አይመኑበት። በልክዎ የሆነ አንድ ሱሪ አንጥፈው ከመሐል ስፌቱ እስከ ግርጌው ይለኩ፤ ሻጩም የሚሸጠውን በሜትር ለክቶ ፎቶውን እንዲልክ ይጠይቁ። ይህን እምቢ ካለ ወይም ክፍያ በቅድሚያ ካለ ይተዉት። በተረፈ የሱሪውን ግርጌ ገልብጠው ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ መኖሩን ይዩ፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ካለው የሰፈርዎ ልብስ ሰፊ አስረዝሞ ይሰጥዎታል።