ለረጅም መንገድ የሚሆን የሞተር ሳይክል ኮርቻ

ከደብረ ታቦር የጻፉልን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በመሥሪያ ቤታቸው ያማሃ ዲቲ 125 ከቀበሌ ቀበሌ ይዘዋወራሉ፤ አልፎ አልፎም በወረታ በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ባሕር ዳር ይደርሳሉ። ኮርቻው ሲቀመጡበት ይመቻቸዋል፤ ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን የመቀመጫ አጥንታቸው ማቃጠል ይጀምራል፣ ሰውነታቸው ወደ ነዳጅ ታንኩ ይንሸራተታል፣ ብሽሽታቸውም ይደነዝዛል። ባለፈው ዓመት አንድ ሠራተኛ ስፖንጅ ጨምሮ አዲስ ሽፋን አልብሶላቸው ነበር፤ ሁለት ወር ያህል ከተመቻቸው በኋላ ሕመሙ ከቀድሞው ብሷል። ጥያቄያቸው ምን ዓይነት ስፖንጅ ይጨምሩ፣ ወይስ ጄል የሚባለውን ንጣፍ ይግዙ የሚል ነው።

የዘረዘሯቸውን ምልክቶች አንድ ላይ ሳያቸው ኮርቻዎ የሚፈልገው ተጨማሪ ስፖንጅ እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ የተጨመረው ራሱ መውጣት ያለበት ይመስለኛል። ሲቀመጡበት የሚመች፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ግን የሚያሳምም ኮርቻ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ የለሰለሰ ነው። ከመጠን በላይ ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ገና ከግቢ ሳይወጡ ይሰማዎት ነበር። ምቾቱ ሁለት ወር ብቻ መቆየቱ ደግሞ የገባው ስፖንጅ ለፍራሽ የሚሆን ቀላል ዓይነት እንደነበረ ይጠቁመኛል። ወደ ፊት መንሸራተቱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚቀመጡበት ቦታ ሲሰምጥ ኮርቻው ወደ ታንኩ ያዘነብላል፣ አጥንት ሊሸከመው የሚገባውን ክብደትም በእግሮችዎ መካከል ያለው ለስላሳ አካል ይሸከመዋል። ድንዛዜው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ኮርቻውን ከመፍታትዎ በፊት የኋላውን ሾክ አብዞርበር ይመልከቱ። ዘይት የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም የሞተሩን ጀርባ በኃይል ተጭነው ሲለቁት ደጋግሞ የሚዘል ከሆነ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ምቱን የሚቀበለው ኮርቻው ስለሚሆን የትኛውም ስፖንጅ አያድንዎትም። እሱ ደኅና ከሆነ ወደ ሥራው እንግባ።

አስቀድሜ አንድ ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ፣ ኋላም እደግመዋለሁ። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት ማስቲሽ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ራቅ ያለ የከሰል ምድጃ ድረስ ሊደርስ ይችላል፤ እሳቱ የሚመለሰውም በዚያው በመጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሥራው በደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ቡና ከሚፈላበትና ሲጋራ ከሚጨስበት ርቆ ይሠራ። ኮርቻውን ከሞተሩ ነቅለው ይውሰዱት እንጂ ነዳጅ ያለበት ታንክ አጠገብ ማስቲሽ አይክፈቱ።

አሁን ስለ ስፖንጅ ጥቂት ማብራራት ይኖርብኛል፤ ይህ ካልገባ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን የሚሸከሙት በዋናነት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ለምሳሌ ኮርቻው ላይ የሚያርፈው ክብደትዎ 50 ኪሎ ነው እንበል። ይህ ሁሉ በሁለቱ አጥንቶች ጫፍ፣ በ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ቢያርፍ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ተኩል ይሸከማል። ያው ክብደት በመቀመጫና በጭን ላይ ተሠራጭቶ 500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢያገኝ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 100 ግራም ይሆናል። የኮርቻ ሥራ ማለት ክብደቱን ከመጀመሪያው ሁኔታ ወደ ሁለተኛው ማሸጋገር ነው። ስፖንጅ ይህን የሚሠራው በሦስት ደረጃ ነው። መጀመሪያ በውስጡ ያሉት የጥቃቅን ክፍሎቹ ግድግዳዎች ትንሽ ይጎብጣሉ፤ ቀጥሎ ጭነቱ ሲጨምር እየታጠፉ ብዙ ርቀት ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ግድግዳው ከግድግዳ ጋር ተነባብሮ የሚታጠፍ ነገር ያልቃል። እዚህ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ስፖንጅ ከእንጨት ብዙም አይለይም። ቀጭን ጭቃ የረገጠ ተረከዝ ከሥር ያለውን አለት እንደሚያገኝ ሁሉ አጥንትዎም የኮርቻውን ወለል ያገኛል፣ ዙሪያውን ያለው ሥጋ ግን ምንም ሳይሸከም ይቀራል። ጠንከር ያለው ስፖንጅ አጥንቱን ሁለተኛው ደረጃ ላይ አቁሞ ጭንና መቀመጫ ድርሻቸውን እንዲሸከሙ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጠንካራ መስሎ የሚሰማው ኮርቻ በሦስተኛው ሰዓት የሚመሰገነው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጥንካሬንና እፍጋትን መለየት ይገባል። ጥንካሬ ማለት ዛሬ በጣት ሲጫኑት የሚሰማዎት ነው፤ እፍጋት ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ስፖንጅ አለ ማለት ነው፣ ዕድሜውን የሚወስነውም ይህ ነው። ርካሽ የፍራሽ ስፖንጅ 20 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ለሞተር ሳይክል ኮርቻ የሚመረጠው ግን ከ50 በላይ ያለው ነው። ሻጭ ሁሉ «ኦሪጅናል ነው» ስለሚል ራስዎ ይመዝኑት። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በትክክል ቆርጠው በትንሽ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ስንት ግራም ከመዘነ እፍጋቱ ያንኑ ያህል ኪሎ በሜትር ኩብ ነው። ሚዛኑ 18 ግራም ካለ ሻጩ ምንም ቢምል አይግዙት። ከስፖንጅ ቁርጥራጭ ተጨምቆ የሚሠራው ባለ ብዙ ቀለም ስፖንጅ መልኩ ባያምርም ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለመካከለኛው ንብርብር እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ከተጣለ የመኪና ወንበር የተነቀለ ስፖንጅም፣ ያልፈራረሰና ያልሻገተ ከሆነ፣ በገበያ ከሚሸጠው አዲሱ የፍራሽ ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ኮርቻውን ነቅለው ገልብጠው የስቴፕል ሽቦዎቹን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ እያነሱ በፒንሳ ይንቀሏቸው። ምናልባት በአሮጌው ሽፋን ላይ አዲስ ሽፋን ደርበው እንደ መቱት ያዩ ይሆናል፤ ይህን ዓይነት ሥራ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። በሁለቱ ሽፋኖች መካከል የገባ ውኃ መውጫ አጥቶ ስፖንጁን ያበሰብሰዋል፣ ደንበኛውም የከፈለበትን ነገር ሳያየው ይቀራል። የተጨመረውን ስፖንጅ በሙሉ ያንሡ። ማስቲሹ በስፖንጁ ፊት ሁሉ ላይ ተቀብቶ ከሆነ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷልና ያንን ቅርፊት በስስ ቢላዋ ሸርፈው ያውጡት፤ ልክ ከአጥንትዎ ሥር የሚቆረቁርዎት አንዱ ነገር እሱ ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካ የመጣው የታችኛው ስፖንጅ ሳይፈራርስ ካገኙት ይጠብቁት፤ እርጥብ ከሆነም በጥላ ያድርቁት። ወለሉ የተሰነጠቀ ወይም በዝገት የተበላ እንደሆነ፣ ከሥሩ ያሉት የጎማ እግሮችም የጎደሉ እንደሆነ ይመልከቱ።

ቀጥሎ የአጥንቶችዎን ቦታ ይፈልጉ። ደረጃ ወይም ጠንካራ አግዳሚ ላይ የካርቶን ቁራጭ አንጥፈው፣ ሞተር ላይ እንደሚቀመጡ ሆነው ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡበት፤ ሁለት ሰርጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ። ከመሐል እስከ መሐል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ በብዙ ሰው ላይ ከ10 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዲቲ ኮርቻ ለጭቃና ለዝላይ የተሠራ ጠባብ ኮርቻ ስለሆነ አጥንቶችዎ ጠርዙ ላይ፣ ስፖንጁ ወደ ጎን በሚሸሽበት ቦታ፣ ሊያርፉ ይችላሉ። መፍትሔው በሚቀመጡበት ቦታ ግራና ቀኝ ከዚያ ጠንካራ ስፖንጅ ቁራጭ አጣብቆ ኮርቻውን በእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ማስፋት ነው። ፊት ለፊት ግን አያስፉት፤ ጭንዎን ገፍቶ እግርዎ መሬት እንዳይደርስ ያደርጋል፣ ጠጠር ላይ ሲቆሙም ሞተሩ ይዞዎት ይወድቃል።

ከዚያ ማዘንበሉን ያስተካክሉ። ኮርቻውን መልሰው አስቀምጠው፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰው ተቀምጦበት ሳለ በግንበኛ ውኃ ልክ ይመልከቱ። የሚቀመጡበት ቦታ ደልዳላ ወይም ወደ ኋላ በጣም ጥቂት ያዘነበለ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሰመጠውን የኋላ ክፍል ብቻ መሙላት ይቀናዋል፤ ከፍ ያለውን ክፍል መቁረጥ ግን ቁመት ስለማይጨምር ይሻላል። ሹል ቢላዋ ወይም እጀታ የተሠራለት የብረት መጋዝ ምላጭ ለመቁረጥ ይበቃል፣ ለማለስለስ ደግሞ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለው ይጠቀሙ። በሚቀመጡበት ቦታ ከወለሉ በላይ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይቅር። ድንዛዜውን ለመቀነስ በመካከል፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ወርዱ 4፣ ጥልቀቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ቦይ ይቁረጡ፤ ዳርቻዎቹን ካላለሰለሷቸው ግን ቦዩ ራሱ ሌላ ሕመም ይሆናል።

በዚህ ላይ ከጠንካራው ስፖንጅ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ ደግሞ ለስለስ ያለ አንድ ሴንቲ ሜትር ይልበስ። ማስቲሹን በሁለቱም ፊቶች ላይ ስስ አድርገው ዙሪያውን ብቻ ይቀቡ፤ አጥንቱ የሚያርፍበትን መካከል ይተዉት። በጣት ሲነኩት የማይስብ እስኪሆን 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ያጣብቁ። ደግሜ እናገራለሁ፦ በዚህ ጊዜ በአቅራቢያዎ እሳት አይኑር። ለማድረቅ ብሎ ከሰል ማስጠጋትን እንዳያስቡት፤ ስፖንጁም አንዴ ከተያያዘ በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዛማ ነው።

ስለ ጄል ጠይቀዋል። ጄል ክብደትን ጥቂት ያሠራጫል፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ላይ ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ የተበላሸ ቅርፅንም አያስተካክልም። በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛው ለቢሮ ወንበር የታሰበ ነው። ገንዘብዎን ለጥሩ ስፖንጅ ያውሉትና ከላይ አጎዛ ያድርጉበት። ይህን የምለው ለጌጥ ብዬ አይደለም፤ የበግ ፀጉር በቆዳዎና በሽፋኑ መካከል አየር ያስተላልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ መፋተግንም ይቀንሳል፣ በሌላ አገር ያሉ ረጅም ተጓዦችም የሚጠቀሙበት ነው። ፀጉሩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አስቀርተው ይቁረጡት፣ ጫፎቹ ወደ ሰንሰለትና ወደ ጭስ ማውጫ እንዳይወርዱ በላስቲክ ማሰሪያ ከሥር አጥብቀው ይሰሩት፣ በክረምት ደግሞ ሞተሩን ሲያቆሙ ይዘውት ይግቡ።

ሽፋኑ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ጥቂት የሚለጠጥ፣ ከጀርባው ጨርቅ ያለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ይሁን። ያ የሚያብረቀርቀው ስሱ ዓይነት በአንድ በጋ ይሰነጠቃል። ለጌጥ ተብሎ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ የሚሰፋውን ስፌት አይቀበሉ፤ ቆዳን የሚያቆስለው እሱ ነው፣ ዝናብም የሚገባው በመርፌው ቀዳዳ ነው። ከሽፋኑ በታች ስስ ፕላስቲክ ያንጥፉ። ሽፋኑን ፀሐይ ላይ አሙቀው መጀመሪያ ፊቱንና ኋላውን፣ ከዚያ ከመካከል ጀምረው ጎኖቹን እየሳቡ ይምቱ። ለፕላስቲክ ወለል እግሩ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ስቴፕል ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ የረዘመው በስቶ ወጥቶ ሰው ሊወጋ ይችላል። ወለሉ ብረት ከሆነ ስቴፕል አይዘውምና በነበሩት ጥርሶች ወይም መያዣዎች ይጠቀሙ።

ነገር ግን ሁሉንም ስቴፕል ከመምታትዎ በፊት ሽፋኑን በጥቂቱ ብቻ ይዘው እስከ ወረታ ደርሰው ይመለሱ። ሲነሡ ከፊት ያለው የኮርቻው ምላስ በታንኩ በኩል ካለው መያዣ ሥር በትክክል መግባቱን፣ የጎን ብሎኖቹም መጥበቃቸውን ኮርቻውን ወደ ላይ በመጎተት ያረጋግጡ፤ የተጨመረ ስፖንጅ ምላሱን ሊያነሣው ይችላል። በዚያ ቀን በወፍራም ስፌት የተሠራ ጂንስ አይልበሱ፣ ሕመሙ ከሱሪው ይሁን ከኮርቻው አይለዩትምና። አጥንቱ ላይ የሚያቃጥል ከሆነ መካከለኛው ንብርብር ለስልሷል፤ ብሽሽት ከደነዘዘ ማዘንበሉ ገና አልተስተካከለም፤ የጭንዎ ውስጠኛ ክፍል ከታመመ ጠርዙ አልለሰለሰም ማለት ነው። እርማቱ በጣም ጥቂት ይሁን፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው። ማስቲሽ ዳግም የሚከፍቱ ከሆነም የእሳቱን ነገር ዳግም ያስቡ።

በመንገድ ላይ በየ20 ደቂቃው ቀጥ ባለና ለስላሳ ቦታ በእግር መርገጫው ላይ ጥቂት ሴኮንድ ከፍ ብለው ደም ይመለስ። ድንዛዜው ከሞተር ከወረዱ በኋላ ለሰዓታት የሚቆይ ከሆነ ግን ኮርቻውን ማረሙን ትተው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።