ጭራቁ በጦር ይመታል፦ መቺው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ ቤታችን ተሰብስበን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። አንዱ ጌም ማስተር ይሆናል፤ የቀረነው ጀግኖች ነን። የጭራቆቹ መግለጫ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ የራሳችንንም እየጨመርኩ ነው። ግን ጌም ማስተሩ በጨዋታው መሀል የሚፈልገውን ቶሎ አያገኝም፤ ሲያነብም ይሳሳታል። «ሞንስተር» ለሚለው ጭራቅ፣ አውሬ ወይስ ፍጡር ልበል? አጻጻፌስ የሚያሰናክለው የት ላይ ነው? ናሙና ይኸውና፦ «እምቦጬ በጣና ሐይቅ ላይ በእምቦጭ ሥር ተደብቆ የሚኖር፣ በሌሊት የዓሣ አጥማጆችን ታንኳ የሚገለብጥ፣ በጦር የሚመታ፣ ስድስት እጆች ያሉትና እሳትን የሚፈራ ጭራቅ ነው።»

መልስ፦ ለዚህ ደብዳቤ እንድመልስ ያስነሣኝ የስሙ ምርጫ ሳይሆን በናሙናዎ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቃል ናት። እርስዎ አላስተዋሏትም፤ አጫዋችዎን የምታደናቅፈው ግን እሷ ናት። («አጫዋች» ማለቴን ልብ ይበሉ፤ ሌሎቹን የሚያጫውት ሰው ጥሩ የአማርኛ ስም እያለው ጌም ማስተር የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።) ይሁንና እርስዎ ስሙን ስላስቀደሙ እኔም አስቀድመዋለሁ።

«ሞንስተር» ሥሩ የላቲኑ «ሞንስትሩም» ሲሆን፣ ይህም ማስጠንቀቅ የሚል ትርጉም ካለው ግሥ ወጥቶ ከተፈጥሮ ሥርዓት ያፈነገጠንና የአማልክት ማስጠንቀቂያ ተደርጎ የሚታይን ምልክት ይሰይም ነበር። ይህን የሚያውቁ አንድ ባልንጀራዬ፣ ነገሩ ምልክት ከሆነ በግእዝም «አመረ» (አመለከተ፣ አሳየ) ከሚለው ግሥ «ትእምርት» እና «ተአምር» ይወጣሉና ከዚያው ሥር አዲስ ቃል እንቅረጽ እያሉ ይሟገቱኛል። ሥሩን በትክክል ይዘውታል፤ ፍሬው ግን አይበላም። በጣና ዙሪያ ላደገ ሰው ተአምር ሲባል በጆሮው የሚመጣው ተአምረ ማርያም ነው፤ ስምንት እግር ያለውን ነገር በዚያ ስም ልጥራ ቢል እናቱ ከቤት ታስወጣዋለች። የሚደንቀው፣ 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ ታሪኩ የሚገኘው በዚሁ ተአምር በተባለ መጽሐፍ ውስጥ መሆኑ ነው፤ በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይም ተሥሎ ይታያል። እሱም ቢሆን ለጨዋታዎ አይሆንም፤ በጥርኝ ውኃ የዳነ ሰው ነውና። ስሙን ግን ያቆዩልኝ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ።

«ፍጡር» የሚለውን ይተዉት። ፍጡር ያልሆነ ምን አለ? ጀግኖቹም፣ አጫዋቹም፣ ቡናውን የምታቀርብላችሁ እህትዎም ፍጡራን ናቸው።

የቀሩት አውሬና ጭራቅ ናቸው፤ የእኔ ልብ ያለው ከአውሬ ጋር ነው። አውሬ የግእዙ «አርዌ» ነው፤ «ረ» እና «ወ» ቦታ ተለዋውጠው አማርኛ ሆነ። በግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት ሔዋንን ያሳታት እባብ «አርዌ ምድር» ይባላል፤ በአፈ ታሪካችን ሀገሩን ገዝቶ ግብር ያስገብር የነበረው ዘንዶም ስሙ አርዌ ነው። ይህን ያህል ዕድሜና ግርማ ያለው ቃል በእጃችን እያለ፣ ልጅ ለማስተኛት የሚነገረውን ጭራቅ ማንሣት ለእኔ ጋቢ ጥሎ ነጠላ እንደ መልበስ ነው። (በዚህ አጋጣሚ ብዙው «አራዊት» ነው፤ «አራዊቶች» ብሎ ብዙውን ማብዛት፣ «አጋንንቶች» እንደ ማለት፣ አንድ ሰው ላይ ሁለት ባርኔጣ መድፋት ነው። አዎን፣ ሁሉም ይለዋል። እኔ አልለውም።)

ነገር ግን ማስረጃው ከእኔ ጋር አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳር ያለው ጉማሬ ታንኳ ይገለብጣል፣ ሰውም ይገድላል፤ ሆኖም አውሬ ይባላል እንጂ ማንም ጭራቅ አይለውም። ጭራቅ በተረታችን ሰው መሳይ ነው፤ ይናገራል፣ ይመኛል፣ ሰው ይበላል፣ በብልህ ልጅም ይታለላል። አውሬ ግን አይናገርም፤ ተፈጥሮው ያዘዘውን ያደርጋል። ጋኔን ሥጋ የለውም። እናም ከመቃብር ተነሥቶ የሚሄድ ሬሳ፣ ወይም እንደ እምቦጬ ያለ ባለ ስድስት እጅ ሲመጣ፣ ዛሬ አማርኛ የሚናገር ወጣት አውሬ አይለውም፤ ጭራቅ ይለዋል። ቃሉ ከተረቱ ወጥቶ የሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ሳልወድ እቀበላለሁ። እንግዲህ የመጽሐፍዎ የወል ስም ጭራቅ ይሁን። ግን በየመግለጫው ከስሙ ቀጥሎ «አውሬ»፣ «ዘንዶ»፣ «ጋኔን» ወይም «ሰው በላ» ብለው ወገኑን ይጻፉለት። ቋንቋው አስቀድሞ የለየውን በአንድ ጆንያ መክተት አጫዋቹን ይጎዳል፤ «ጋኔን» የሚለውን ብቻ ያየ አጫዋች ሰይፍ እንደማይዘው ገና ሳያነብ ይጠረጥራል።

አሁን ወደዚያች ቃል። «በጦር የሚመታ»።

ወረቀትዎን በረንዳችን ላይ ለተቀመጠች ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። «የሚመታ» ላይ ስትደርስ አላልታ አነበበች፤ ወዲያው ቆም አለች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ አጥብቃ አነበበች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጦሩን የያዘው እሱ ነው ወይስ እነሱ?» አለችኝ። የእርስዎ አጫዋችም የሚቆመው እዚህ ነው። ላልቶ ሲነበብ እምቦጬ በጦር ሰው ይመታል፤ ጠብቆ ሲነበብ እምቦጬን የሚያሸንፈው መሣሪያ ጦር ነው። በአንድ ፊደል የማይለያዩ፣ በጨዋታው ግን ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ሕጎች ናቸው። «ጭራቁ ይበላል» ብለው ቢጽፉማ ለእራት የቀረበው ማን እንደሆነ እግዚአብሔር ይወቀው።

ይህ ችግር በሁሉም ግሥ ላይ የለም። «ይነክሳል» እና «ይነከሳል»፣ «ይገለብጣል» እና «ይገለበጣል» በጽሑፍም ይለያያሉ፤ ሳድሱና ግእዙ ይናገራሉ። የሚያሳስተን እንደ በላ፣ ሰማ፣ ፈታ፣ መታ ያለው በአጭሩ የሚያልቅ የግሥ ወገን ነው። ከእነዚህም በላ፣ ሰማና ፈታ በግእዝ በልዐ፣ ሰምዐ፣ ፈትሐ ነበሩ፤ የጉሮሮ ፊደል መጨረሻቸውን ይጠብቅ ነበር። ግእዙ ለበዪው «ይበልዕ»፣ ለተበዪው «ይትበላዕ» ይላል፤ ዐይኑም ታውም በቦታቸው ቆመው ሥራቸውን ይሠራሉ። በላዔ ሰብእን አቆዩልኝ ያልሁት ለዚህ ነው፤ «በላዔ» ውስጥ ያለው «ዔ» ያ የጠፋው ዐይን ነው። አማርኛ ዐይኑን ዋጠው፤ የተደራጊነት ምልክት የሆነውን «ት» ደግሞ ከቀጣዩ ፊደል ጋር አዋሕዶ ጥብቀት አደረገው፤ ጥብቀቱን ግን ፊደላችን አይጽፈውም። ስለዚህ በአፋችን ያልጠፋው ልዩነት በወረቀት ላይ ጠፋ። ከፊደሉ በላይ ነጥብ አድርጎ ጥብቀትን ማመልከት የሚቻል ነው፤ እኔ በእጅ ስጽፍ አደርገዋለሁ፤ በስልክ የሚጽፍ ሰው ግን እንደማያደርገው አውቃለሁና አልጠይቅዎትም።

አማርኛ ለእንዲህ ያለ አጭር መግለጫ አይመችም፣ እንግሊዝኛውን እንዳለ ተዉት የሚሉ አሉ። ጥፋቱን የሰጡት ለቋንቋው ነው፤ ጥፋቱ ግን የአጻጻፉ ነው። እንግሊዝኛው ስሙን ያስቀድምና ገላጭ ሐረጉን ከኋላ ይጎትታል፤ ስለዚህ ቁርጥራጩ ሁሉ ይነበባል። አማርኛ ገላጩን ያስቀድማል፣ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያኖራል። እርስዎ የእንግሊዝኛውን ቁርጥራጭ በ«የሚ» እያያያዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያደርጉት፣ አጫዋቹ አራት «የሚ» በጉያው ታቅፎ «ጭራቅ ነው» እስኪል መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ጀግኖቹ ዳይስ ጥለው መልስ እየጠበቁት ነው፤ እሱ ገና ማሰሪያውን ይፈልጋል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። አንድ ድርጊት፣ አንድ ማሰሪያ አንቀጽ፣ አራት ነጥብ። አድራጊና ተደራጊም ተለይተው ይታወቁ፦ «በጦር ይመታል» ሳይሆን፣ እሱ ከሆነ «ጦር ይወረውራል»፣ እሱ ላይ ከሆነ «ጦር ያቆስለዋል»። «ስድስት እጆች ያሉት» የሚለውን ደግሞ አባቶቻችን በ«ባለ» ጨርሰውታል፦ ባለ ስድስት እጅ። ይህች «ባለ» ለጭራቅ ጸሐፊ እንደ ተሠራች ናት፤ ባለ ቀንድ፣ ባለ ሁለት ራስ፣ ባለ መርዝ እያለች ያለ ግሥ ትሄዳለች። እንግዲህ ጦሩን የያዘው እሱ ነው ብዬ ልያዝና፣ እምቦጬ እንዲህ ይሁን፦ «እምቦጬ። ባለ ስድስት እጅ ጭራቅ ነው። በጣና ላይ ከእምቦጭ ሥር ያደፍጣል። ሌሊት የዓሣ አጥማጆችን ታንኳ ይገለብጣል። ጦር ይወረውራል። እሳት ይፈራል።» ከእርስዎ ዓረፍተ ነገር የጠፋ ነገር የለም፤ አጫዋቹም ዐይኑን የትም መስመር ላይ ቢያሳርፍ የተሟላ ነገር ያገኛል።

ስለ ቅደም ተከተሉ ባይጠይቁም ልናገር። ይህን መሰሉ ጨዋታ በአሜሪካ በ1974 እ.ኤ.አ. ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ተብሎ ታተመ፤ ዛሬ በእሱ የተለመደው መግለጫ የጭራቁን መከላከያ፣ ነፍስና ፍጥነት፣ ስድስቱንም የችሎታ ቁጥሮች ከደረደረ በኋላ ወደ ድርጊቱ ይገባል። ባዕድ ሥርዓት አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 ጎልያድ እንዴት እንደሚገባ ይመልከቱ፦ ስሙ፣ ሀገሩ፣ ቁመቱ፣ የራስ ቁሩ፣ 5,000 ሰቅል የሚመዝነው ጥሩሩ (የጦር ልብሱ)፣ የጦሩ ብረት 600 ሰቅል መሆኑ፤ አፉን ከፍቶ የሚሳደበው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ «የመከላከያ ደረጃ» እያሉ ቢሮ ቢሮ የሚሸት ሐረግ ከሚጽፉ ጥሩር ይበሉ፤ «የሕይወት ነጥብ» ከሚሉ ነፍስ ይበሉ። «ስንት ነፍስ ቀረው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ቁጥሩን በግእዝ አኃዝ መጻፍ ያምራል፤ ከላይ ያነሣኋቸው ባልንጀራዬም ይህን አጥብቀው ይወዳሉ። ነገር ግን የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ነፍሱ ዜሮ ሲደርስ የሚሞት ጭራቅ በግእዝ አኃዝ ከተጻፈ ሊሞት አይችልም። ልኬቱንም ይጠንቀቁ። በሌላ መግለጫዎ «ፍጥነት 30 ጫማ» ብለው ጽፈዋል፤ እግሩ ብዙ ለሆነ ጭራቅ ሲሆን አንባቢ ስለ ሱቅ ማሰቡ አይቀርም። 30 ጫማ 20 ክንድ ያህል ነው፤ ክንድ ይበሉ።

የመጨረሻው የጾታ ነገር ነው። በላኩልኝ ወረቀት ጀርባ አንዲት ሴት ጭራቅ አለች፤ ከሥሯም «ስትመታ 2 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጣል» ይላል። «ስትመታ» እሷ ስትመታ ነው፣ አንተ ስትመታም ነው፤ ሦስተኛ መደብ አንስትና ሁለተኛ መደብ ተባዕት እዚህ በአንድ «ት» ይጠራሉ። ላልቶና ጠብቆ ሲታከልበት አራት ፍቺ ይሆናል፤ እሷ መቺ፣ እሷ ተመቺ፣ አንተ መቺ፣ አንተ ተመቺ። አጫዋቹን «እርስዎ» ይበሉት፤ ዕድሜው 19 ቢሆንም ምንም አይደለም፤ «ሲመቱ» እና «ስትመታ» ያኔ ይለያያሉ። ወይም ከነአካቴው «ጀግናው ሲቆስል» ብለው ይጻፉ። እምቦጬ የሚለውን ስም ግን አልነካሁትም፤ ያንን ምነው እኔ ባወጣሁት ኖሮ ብያለሁ።