ቁስለኛን ከቆላ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ማድረስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የመጡት ከነርሶች፣ ከድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ታማሚ ከሚያጅቡ ቤተሰቦች ነው። የሚመልሰው በሕሙማን የአየር ማጓጓዝ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ነው።

ጥያቄ (ነርስ፣ ጋምቤላ)፦ የካቢኑ ግፊት ስለሚጠበቅ በረራው ታማሚውን አይጎዳውም ይሉናል። እውነት ነው?

አይደለም፣ እህቴ። ግፊቱ ይጠበቃል ማለት መሬት ላይ እንደነበረው ይቆያል ማለት አይደለም። የመንገደኛ አውሮፕላን ካቢን አየር ቢበዛ 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,440 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል። ቦሌ ደግሞ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ካቢኑ ከሰፈሩ ብዙም አይለይም። ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከእናንተ የሚነሳ ታማሚ የአየር ግፊቱ ከ714 ወደ 565 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርድበታል። በሰውነቱ ውስጥ የታሰረ አየር ወደ 1.3 እጥፍ ይሰፋል፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም ይቀንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ቦሌ ሲያርፍ ይህ አይመለስም። የሰፋው አየር እንደሰፋ፣ ኦክስጅኑም እንደሳሳ ይቆያል። ተቀባዩ ሆስፒታል ይህን ታሳቢ አድርጎ እንዲጠብቀው በሪፈር ወረቀቱ ላይ የመነሻውን ከፍታ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ኤክስሬይ ላይ ትንሽ ኒሞቶራክስ (በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የታሰረ አየር) ታይቷል፣ ታማሚው ግን ደህና ይተነፍሳል። የደረት ቱቦ ሳይገባለት ይሂድ?

በእኔ እምነት ከቆላ የሚነሳ ከሆነ አይሂድ፤ በተለይ በማሽን የሚተነፍስ ከሆነ። አየር ላይ ሆኖ ደረት ከመክፈት መሬት ላይ ቱቦ ማስገባት ይሻላል። ቱቦው ከገባ በኋላ በበረራ ወቅት ፈጽሞ አትቆልፉት። የውሃ ጠርሙሱ ከደረት በታች ተንጠልጥሎ በደንብ ይታሰር፤ ሲነሳ ከተገለበጠ ውሃው ይፈስና አየር ወደ ደረት ይገባል። የሃይምሊች ቫልቭ (አየር ወደ ውጭ ብቻ የሚያሳልፍ) ካላችሁ ለጉዞ ይመቻል፣ ነገር ግን ተገልብጦ ከተገጠመ አየሩ መውጫ ያጣል፣ ደም ከበዛም ይደፈናል። ከመጫኑ በፊት ሲተነፍስ ቫልቩ ሲርገበገብ በዓይናችሁ እዩ።

በረራ ላይ የደም ግፊቱ ከወረደ፣ ሳቹሬሽኑ (የደሙ የኦክስጅን መጠን) ከቀነሰ፣ ማሽኑም አየር ለማስገባት ከፍተኛ ግፊት ካስፈለገው፣ የታሰረው አየር ሳንባንና ልብን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል በስቴቶስኮፕ ለማረጋገጥ ጊዜ አታጥፉ፤ በሞተሩ ድምፅ ውስጥ ምንም አይሰማም። አየሩን ለማስወጣት ለአዋቂ 14 ጌጅ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መርፌ በ5ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መካከለኛ መስመር ትንሽ ወደ ፊት ይገባል።

ጥያቄ፦ ኢንቱቤት የተደረገ (መተንፈሻ ቱቦ የገባለት) ታማሚ ካፉስ (በቱቦው ዙሪያ በአየር የሚነፋው ፊኛ)?

የካፉም አየር ይሰፋል። ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ መሆን አለበት፤ ከዚያ ካለፈ የታማሚው የአየር ቧንቧ (ትራኪያ) ግድግዳ ደም ያጣል። በማኖሜትር (በግፊት መለኪያ) ከመነሳቱ በፊት፣ ሲወጣ፣ ከፍታው ሲረጋ፣ ሲወርድና ካረፈ በኋላ ለኩ። ወደ ቆላ ሲመለስ፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ፣ ነገሩ ይገለበጣል፦ ካፉ ይኮማተራል፣ አየር ያፈስሳል፣ የአፍ ፈሳሽም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ፍሳሹን በጆሮ ስለማትሰሙት ማሽኑ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን የአየር መጠን አወዳድሩ።

ጥያቄ፦ ኦክስጅን ምን ያህል እንያዝ?

ሁለት ስሌት አለ። የመጀመሪያው የሚያስፈልገው መቶኛ ነው፦ አሁን የሚወስደውን በመነሻው ግፊት አባዙ፣ በካቢኑ ግፊት አካፍሉ። 40 በመቶ ላይ ያለ፣ 40 × 714 ÷ 565፣ ወደ 51 በመቶ ይፈልጋል። 80 በመቶ ላይ ያለ ግን 101 ይመጣል፤ ንጹህ ኦክስጅን እንኳ አይበቃውም ማለት ነው። ይህ ታማሚ ከመነሳቱ በፊት ሳንባው መታከም አለበት፦ ፒፕ (ማሽኑ በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባ ውስጥ የሚያስቀረው ግፊት) ይስተካከል፣ የታጎረ ደም ወይም አየር ይውጣ።

ሁለተኛው ሊትሩ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ታማሚ በረራው 75 ደቂቃ፣ የሁለቱም ጫፍ የአምቡላንስና የመጠበቂያ ጊዜ 45 ደቂቃ ቢሆን 1,200 ሊትር ይፈጃል። ግማሽ መጠባበቂያ ሲጨመር 1,800። 680 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ሦስት ያስፈልጋል። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ አየር ላይ ሳይሆን አስፋልቱ ላይ አምቡላንስ ሲጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለጭንቅላት ጉዳት አብራሪውን ካቢኑን በባሕር ጠለል ግፊት እንዲይዝ መጠየቅ ይጠቅማል?

መድረሻው ቆላ ከሆነ ይጠቅማል። ኪንግ ኤር 200 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን እስከ 15,000 ጫማ ገደማ የባሕር ጠለል ግፊት መያዝ ይችላል። ቦሌ ለማረፍ ግን ካቢኑ የግድ ወደ ከተማዋ ግፊት ይመጣል፤ ስለዚህ ይህ የግፊቱን መውረድ ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። የራስ ቅሉ ውስጥ አየር ካለ ከበረራው በፊት ከነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። በጉዞው ላይ ሳቹሬሽን ከ94 በታች፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ110 በታች አይውረድ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ35 እስከ 40 ይሁን፣ ራስጌው 30 ዲግሪ ከፍ ይበል።

ጥያቄ፦ እየደማ ያለ ሰውስ?

ደም የሚያቆመው መጀመሪያ እጅ ነው፤ ተጭናችሁ ያዙት፣ ካልሆነም ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) እሰሩና ሰዓቱን ጻፉ። ትራኔክሳሚክ አሲድ (የደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት) ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 1 ግራም በ8 ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሰጣል። ከ3 ሰዓት በኋላ ሊጎዳ ስለሚችል አትጀምሩት። ቆላ ሞቃት ነው ብላችሁ ብርድ ልብስ አትተዉ፤ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ሰው ደም ደግሞ በደንብ አይረጋም።

ጥያቄ (ቤተሰብ)፦ ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ ትናንት ጀሶ ታስሮለታል። ነገ በመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ውጭ ሊታከም ነው።

ጀሶው ከታሰረ 48 ሰዓት ካልሞላው በሁለቱም ጎን ከላይ እስከ ታች ይሰንጠቅና በፋሻ ይያዝ፤ እግሩ ሲያብጥ ጠባቡ ጀሶ ደም ወደ እግሩ እንዳይዘዋወር ሊያግድ ይችላል። አየር መንገዱ ሜዲፍ የሚባል የሕክምና ቅጽ ሐኪሙ እንዲሞላ ስለሚጠይቅ ዛሬውኑ አስጀምሩ። ደረቱም ተጎድቶ ኒሞቶራክስ ነበረው ከተባለ በኤክስሬይ ሙሉ በሙሉ መዳኑ ከታየ በኋላ ብዙዎቹ መመሪያዎች 14 ቀን ያስጠብቃሉ። በመንገድ ጣቶቹ ከገረጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ ካልበረደ ለበረራ አስተናጋጆቹ ወዲያው ንገሯቸው።