ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት በቀጥታ አትቀንሺ

እህቴ፣ የእናትሽ ትኬት ላይ «መነሻ 22:30፣ መድረሻ 08:00» የሚል አይተሽ በረራው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው ወይ ብለሻል። አይደለም። እኔም እናቴን የሸኘሁ ጊዜ እንደዚሁ ቀንሼ «ጠዋት ተነስተሽ እዚያ ነሽ» ብያት ነበር።

መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ነው የተጻፈው። እነሱ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፤ ሰዓታቸውን በሚቀይሩበት ወቅት፣ ማለትም ከመጋቢት መግቢያ ገደማ እስከ ጥቅምት መገባደጃ፣ ልዩነቱ 7 ይሆናል። ስለዚህ በዘጠኝ ተኩሉ ላይ ይህን ደምሪበት፤ እናትሽ 16 ሰዓት ተኩል ወይም 17 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ናቸው።

ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ በ13 ሰዓት መድረስ ነበረበት። ሲመለስ እንደዚያ ነው፤ ከዋሽንግተኑ አየር ማረፊያ ከዳለስ ተነስቶ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ሲሄድ ግን መሀል ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ያቅተዋል። በዚያ ላይ ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ዳለስ ደግሞ ቆላ ነው፣ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ማረፊያው ይቀያየራል፤ ሮምም ደብሊንም ሆኖ ያውቃል። እናትሽን አደራ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እናቴ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ «ደረስን» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተነስታ ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ናት እጇን ይዛ ያስቀመጠቻት። በእሷ ጊዜ ተሳፋሪው ከውስጥ ሳይወርድ ነው ነዳጁ ተቀድቶ የቀጠሉት።

አሁን ዋናው። ለሚቀበላቸው ሰው ሰዓቱን በስልክ በቃል አትንገሪ። እኔ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ትደርሳለች» አልኩ፤ እዚያው የተወለደው የእህቴ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ሰምቶ ሌሊት በሁለት ሰዓት ሄዶ ስድስት ሰዓት ቆሞ ጠበቀ። እስካሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ትኬቱን ፎቶ አንሥተሽ ላኪ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ ትኬት ከገጠመሽማ ይበልጥ ተጠንቀቂ፦ «ማክሰኞ 00:20» ማለት እኛ የሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሃያ የምንለው ነው፤ ማክሰኞ ማታ ቦሌ የሄደ ሰው በረራው አንድ ቀን አልፎታል።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን፣ ሰዓቱ ሲዛባ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚወስዱ ሐኪማቸውን ጠይቂ። ዊልቸርና የጾም ምግብ ትኬት ቢሮው ቀደም ብለሽ ካስመዘገብሽ ያዘጋጃል። በየሁለት ሰዓቱ ብድግ ብለው ጥቂት ይራመዱ፤ እግራቸው እንዳያብጥ። የሚያርፉበትን ቤት አድራሻና ስልክም በወረቀት ጽፈሽ ከፓስፖርታቸው ጋር አድርጊላቸው፣ ኢሚግሬሽን ላይ ይጠየቃሉ። በሰላም ያግቧቸው።